የመንገድ ብርጭቆ

ሲስተር ፀሐይቱን የሚያውቋት ሁሉ "አፍንጫ የላትም" ይሏት ነበር። ስድብ አይደለም፤ ምስጋና ነው። ላሊበላ ውስጥ ካሉት የሕክምና ቤቶች ባንዱ፣ በቁስል ማጠቢያ ክፍል አሥራ ስድስት ዓመት ሠርታለች። የጠቆረ ጣት፣ ትል ያፈላ ቁስል፣ በቅቤና በአመድ የተለሰነ ቃጠሎ ሲመጣ ሌላው ወደ መስኮቱ ሲሸሽ፣ እሷ ጎንበስ ብላ "አይዞህ ወንድሜ፣ ታጥቦ የማይጠራ የለም" ትላለች። የሰው ገላ አስጠልቷት አያውቅም። ያ የግንቦት ማክሰኞ እስኪመጣ ድረስ።

የዚያን ቀን የመጡት ቄስ ወልደ ጊዮርጊስ ነበሩ፤ ከኩልመስክ ማዶ ያለች የገጠር ደብር ካህን። ከሦስት ዓመት ከመንፈቅ በፊት በቅሏቸው ቁልቁለት ላይ አዳልጧት ከነጭነቷ ስትወድቅባቸው የቀኝ እግራቸው ቅልጥም ተሰበረ። ስብራቱ ገጠመ ሲባል አጥንቱ ውስጡን መገለ። ከቁርጭምጭሚታቸው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ የጣት ጫፍ የምታስገባ ቀዳዳ ተከፈተችና መግሉ ሌት ተቀን ይወርድ ጀመር። ቁስሉ የሚፈስ ሰው ቤተ መቅደስ አይገባም። ስለዚህ ያሳደጋቸውን ቅዳሴ ሦስት ዓመት ሙሉ ከቅጥሩ ውጭ፣ ከጥዱ ሥር ተቀምጠው ሰሙት።

ተስፋ ያገኙት በኅዳር ነው። በወር አንድ ሳምንት ከደሴ የምትመጣው ወጣቷ የአጥንት ሐኪም፣ ዶክተር ፍሬ፣ ለጥናት የተላከላትን አዲስ መድኃኒት ይዛ መጣች። መድኃኒቱ ብርጭቆ ነው። ከጤፍ የደቀቀ፣ አንድ በአንድ ድቡልቡል የሆነ ብርጭቆ፣ አውራ ጣት በሚያክል ብልቃጥ ውስጥ። የበሰበሰው አጥንት ተፍቆ ከወጣ በኋላ በጉድጓዱ ይሞላል። ከዚያ ቀስ በቀስ ይሟሟል፤ ሲሟሟም አጥንት የሚሠራበትን ካልሲየምና ፎስፈረስ ይለቃል፣ ጀርሞቹም እንዳይመቻቸው ያደርጋል። በእንክብሎቹ መሐል ባለው ክፍተት የደም ሥር ይገባል፣ በላያቸው አጥንት ይበቅላል። በዓመት በምናምኑ ብርጭቆው አልቆ አጥንቱ ይቀራል። እስከ ጥር ሦስት ሰዎች በዚህ ታከሙ። ወሬው ግን ከሰዎቹ ቀድሞ ሄደ፤ "ላሊበላ ላይ አጥንት የሚያበቅል ብርጭቆ አለ" ተብሎ በየገበያው ተወራ። ቄስ ወልደ ጊዮርጊስም ቢመጡ ብልቃጡ ጥቂት፣ ሰልፉ ረጅም ስለነበር ለሐምሌ ተራ ተያዘላቸው።

አሁን ግንቦት ነው፤ ያለ ተራቸው መጡ። ያመጣቸው ባለባጃጅ የግራ ቀኙን ሸራ ገልብጦት ነበር። እንዳወረዳቸው ሒሳብ ሳይቀበል ሊሄድ ሲል ልጃቸው ማሚቱ "ተቀበለን እንጂ!" ብላ ጮኸችበት።

"ይቅር እህቴ፣ ይቅር" አለና ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ ተፈተለከ።

ቄሱ ሰምተዋል። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው፣ ማሚቱን ተደግፈው ገቡ።

"ምነው አባቴ፣ ተራዎ ሐምሌ አልነበር እንዴ?" አለች ፀሐይቱ።

"ነበር ልጄ። እግሬ አልጠበቀኝም።"

ፋሻውን ፈታችው። ከፋሻው ሥር ፌስታል ነበር፤ የገበያ ፌስታል፣ በክር የታሰረ። ክሩን ስትቆርጠው ለአንድ አፍታ ምንም አልሆነም፤ ከዚያ ጠረኑ መጣ። የመግልን ሽታ ታውቀዋለች። ይህኛው ሌላ ነው፤ በዝናብ ወራት በር ዘግተው የረሱት ሥጋ ዓይነት፣ ጣፋጭነት ያለበት ግማት። አሥራ ስድስት ዓመት ያልነቃው አፍንጫዋ ነቃ። የጣት ጫፍ ታስገባ የነበረችው ቀዳዳ አሁን የሕፃን ቡጢ ታስገባለች። ዳሯ አረንጓዴ ሆኗል። ከውስጧ የሚወጣው መግል ደግሞ ባዶውን አይደለም፤ እንደ እንቁራሪት እንቁላል የሚያብለጨልጩ ድቡልቡል ነገሮች በሺህ እየሆኑ፣ እርስ በርስ ተጣብቀው፣ ቀስ እያሉ ይንሸራተታሉ።

ሰቀጠጣት። በመቆንጠጫው ትንሽ አነሳችና በጓንቷ መሐል አሸችው። ጠንካራ ነው። ብርጭቆ ነው።

"አባቴ፣ ይኼን ማን ከተተብዎ?"

ቄሱ ወደ ግድግዳው ዞሩ። "እሱን አትጠይቂኝ። ምያለሁ።"

"ለማን ነው የማሉት?"

"ለሰጠኝ። ሐኪሞቹ ከሰሙ ይቀሙኛል፣ ለሌላው ድኃ አይተርፍም ብሎ በእጅ መስቀሌ አስማለኝ። ለፋሲካ ቤተ መቅደስ እገባለሁ ብዬ ቸኮልኩ። ሐምሌ ራቀብኝ፣ ልጄ። ሦስት ፋሲካ ከጥድ ሥር ነው ያሳለፍኩት።"

ፀሐይቱ ጓንቷን አውልቃ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ቆማ አየር ሳበች። ያ ጠረን ጉሮሮዋ ላይ ተቀምጧል፤ ብትውጠው አይወርድም፣ ብትተፋው አይወጣም።

ዶክተር ፍሬ ያን ሳምንት እዚያው ነበረችና ሳይውል ሳያድር ቄሱ ኦፕራሲዮን ክፍል ገቡ። ከወገባቸው በታች ደንዝዘው፣ በነቃ አእምሮ ዳዊት ይደግማሉ። ዶክተሯ በማንኪያ መሰል ብረት እየጨለፈች፣ ፀሐይቱ እየተቀበለች ሁለት ሰዓት ሠሩ። ብርጭቆው ሥጋው ውስጥ ተሰግስጓል። ባወጡት ቁጥር ከሥሩ ሌላ ይታያል። በጨው ውኃ ሲያጥቡት ከመግሉ ጋር እየተንከባለለ ሳህኑ ላይ ይንጫጫል።

"የእኛ አይደለም" አለች ዶክተር ፍሬ። "የእኛ ቢሆን በሁለት ወር ላዩ ነጭ ሆኖ፣ ሻክሮ፣ ከአጥንቱ ጋር መያያዝ ጀምሮ ነበር። ይኼ ትናንት ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። አንድም አልተነካ።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

ሐኪሟ ጥቂቱን በጎዝ ጨርቅ አድርቃ ጥቁር ጨርቅ ላይ ነሰነሰችው፤ ከዚያ የግንባሯን መብራት ቀጥ አድርጋ አበራችበት። ብርጭቆው ብርሃኑን መልሶ ወደ ዓይኗ ወረወረው። እንክብሎቹ ራሳቸው መብራት የሆኑ ይመስል ጨርቁ ቦግ አለ።

"ከአየር ማረፊያው ስትመጪ የመንገዱ መስመር የመኪና መብራት ሲያርፍበት እንዴት ነው የሚሆነው?" አለች።

ፀሐይቱ ገባት። መንገድ ሲቀባ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ የሚነሰነስበት የብርጭቆ ዱቄት ነው። መኪና የሚሄድበት፣ በግ የሚጸዳዳበት፣ ጎማ የሚፈጨው።

ቄሱ ድግማቸውን አቋርጠው፣ "ምን አላችሁ፣ ልጆቼ?" አሉ። ፀሐይቱ ሳህኑን በጨርቅ ሸፈነችው።

ከሰዓት በኋላ ማሚቱ ፀሐይቱን ከክፍሉ ደጅ ጠበቀቻት። የሠላሳ ዓመት ሴት ናት፤ ጠይም፣ ቁጥብ።

"አባቴ ነው የማለው" አለች። "እኔ አልማልኩም።"

ከመቀነቷ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ ባዶ ብልቃጥ አወጣች። "መድኃኒት ነውና እቃው አይጣልም ብዬ አስቀመጥኩት። ሰውዬው ሱቁ ጓዳ አስገባን። አፍንጫውን በነጠላ ጠቅልሎ፣ በስኳር ማንኪያ እያደረገ ከተተበት። ሲጨርስ ማንኪያውን እዚያው ጠርጎ መልሶ ስኳሩ ውስጥ ሰካው። ያኔ ነው ልቤን የከረከረኝ። ግን በብልቃጡ ላይ የሆስፒታሉ ምልክት አለበትና አመንነው።"

ፀሐይቱ ብልቃጡን ተቀበለች። ምልክቱን አየች። ከምልክቱ ጎን በቀይ እስክሪብቶ "ኅዳር ፲፱" ተብሎ ተጽፏል። ጽሑፉ የእሷ ነው።

 ያገለገሉት ብልቃጦች ተሰባብረው ማቃጠያው ውስጥ መግባት ነበረባቸው፤ "ተወግደዋል" ብላ የፈረመችውም እሷ ናት። ነገር ግን በታኅሣሥ፣ ገና ሲቃረብ፣ ታናሽ ወንድሟ እሱባለው ቤቷ መጥቶ፣ "እታለም፣ እነዚያ ባዶ ብልቃጦች እንዴት ያምራሉ! ለተሳላሚ እምነት ባደርግባቸውስ?" አላት። የገዳሙ የተባረከ አፈር በላስቲክ ተጠቅልሎ ከሚሄድ በብልቃጥ ቢሄድ ምን ይከፋል ብላ ቀቀለቻቸው፣ በፀሐይ አደረቀቻቸው፣ በሻሽ ቋጥራ ሰጠችው። ስምንት ነበሩ።

"የሱቁ ባለቤት ምን ይመስላል?" አለች፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው ሆኖባት።

"ረጅም፣ ቀይ። ሲስቅ ጥርሱ ያምራል።"

የእሱባለው ሱቅ ቁልቁል በሚወርደው የድንጋይ መንገድ ዳር ናት። መስቀል፣ የብራና ሥዕል፣ የተፈተለ ጋቢ ይሸጣል። ፀሐይቱ ስትደርስ በር ላይ ተቀምጦ የእንጨት መስቀሎች በክር ይሰካ ነበር።

"እታለም! በሥራ ሰዓት? ግቢ፣ ግቢ!"

ብልቃጡን መስቀሎቹ መሐል አስቀመጠችው። አየው። ቶሎ ብሎ ወደ መንገዱ አየና በሩን ገፋ አደረገው።

"ማሚቱ ናት አይደል? እንዳታሳይ ነግሬያት ነበር።"

ሊክድ ይሞክራል ብላ ነበር የጠበቀችው። እሱን ግን የከፋው የብልቃጡ መታየት ነው።

"ምንድን ነው የከተትክባቸው፣ እሱባለው?"

"ብርጭቆ ነዋ! ዶክተሯ የምትከተውን።"

"ከየት አመጣኸው?"

በአገጩ ወደ ጓዳው አሳየ። ከቅርጫቶቹ ኋላ አንድ የተቀደደ ማዳበሪያ ተደግፏል። "መንገዱ ሲቀባ ሠራተኞቹ ግቢያችንን ተከራይተው አልነበር? ረስተውት ሄዱ። ንጹሕ ነው እኮ፣ እታለም። በወንፊት ነፍቼዋለሁ።"

"በወንፊት" አለች፤ ሌላ ቃል አልመጣላትም።

"ምን ላድርግ? ቱሪስት ከቀረ ስንት ጊዜው ነው? ሰዉ ደግሞ እየለመነኝ ነው። 'እህትህ እዚያ ናት፣ ያንን ብርጭቆ አምጣልን' ይሉኛል። ተራ ጠብቁ ብላችሁ የመለሳችኋቸው እናንተ። ዶክተሯ ብርጭቆ ስትከት ጥበብ፣ እኔ ስከት ኃጢአት? ብርጭቆ ብርጭቆ ነው!"

"የእሷ ይሟሟል። አጥንት ይሆናል። የአንተ ሥጋቸው ውስጥ ገምቷል። ዛሬ በማንኪያ ጨልፌ አውጥቼዋለሁ፣ በዚህ በእጄ! ቄሱን አላዘንክላቸውም? በመስቀላቸው ስታስምላቸው እጅህ አልተንቀጠቀጠም?"

"አይገድልም ብዬ ነው።"

"ለስንት ሰው?"

 ክሩን በጣቱ ጠቀለለ።

"ለስንት ሰው ነው የምልህ!"

"ለአራት። ከሳቸው ጋር አራት።" ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደሚያባብል፣ "እታለም፣ ለብቻዬ የበላሁት መስሎሻል? የእማዬ የደም ግፊት ኪኒን ከየት ነው? በፋሲካ ቤትሽ ያረድነው ሙክት ከየት የመጣ ነው? ጎድኑን አንቺ አይደለሽ የጋጥሽው?"

ፀሐይቱ በሩን ገፍታ ወጣች። ሦስት እርምጃ አልሄደችም፤ ከመንገዱ ጠርዝ ተንበርክካ አስታወከች። ቁርስም ምሳም አልነበረባት፤ የወጣው መራራ ውኃ ነው። ሆዷ ግን አላቆመም፤ ያንን የፋሲካ ሥጋ ከሳምንታት በኋላ ከየአንጀቷ ፈልፍሎ ሊያወጣ ይመስል ደጋግሞ ይገለባበጥ ነበር። ሱቁ ፊት ለፊት ሻማና ጧፍ የምትሸጥ ነጅሚያ የምትባል ሴት ሮጣ መጥታ ግንባሯን ያዘችላት፣ ውኃ አፈሰሰችላት።

እሱባለውም ወጣ። ፀሐይቱ የእግሩን ኮቴ ሰምታ ቀና ስትል በአካፋ አፈር ይዞ ቆሟል። አጠገቧ ጎንበስ አላለም፤ አፈሩን ትፋቷ ላይ በተነው።

"ደንበኛ ያያል" አለ።

ያንን ቀን ስታስበው እስካሁን ከሁሉም ይልቅ የሚዘገንናት ይህ ነው። የገማው እግር ሕመም ነው፤ ሕመም ደግሞ የማንም ጥፋት አይደለም። አብራ ያደገችው፣ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ልጅ አካፋ ይዞ ሲቆም ግን የማታውቀው ነገር ታያት፤ ውስጡ ተቀብሮ ኖሮ ያን ቀን የወጣ ነገር።

አፏን ጠርጋ ተነሣች። ሱቁ ውስጥ ገብታ ማዳበሪያውን በሁለት እጇ ጎተተችው።

"የት ልትወስጂው ነው?" ብሎ ጫፉን ያዘ። "እማዬን ትገድያታለሽ! ደግሞ አንቺስ? ብልቃጡን የሰጠሽኝ ማን ሆነና? አብረን ነው የምንወድቀው!"

"አብረን ነዋ" አለች። "ልቀቀኝ።"

ነጅሚያ መጥታ በር ላይ ስለቆመች ለቀቃት።

በባጃጅ ተመለሰች። ዶክተር ፍሬና የሕክምና ቤቱ ኃላፊ ባሉበት ማዳበሪያውን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ሁሉንም ተናገረች፤ ከቀቀለቻቸው ብልቃጦች ጀምራ። ስትጨርስ ዶክተር ፍሬ የማስወገጃ መዝገቡን አውጥታ ገለጠችው።

"ተወግደዋል ብለሽ ፈርመሻል፣ ሲስተር።"

"ፈርሜያለሁ።"

"እኔም ሳላይ ነው ያመንኩሽ" አለች ሐኪሟ፤ በቁጣ ሳይሆን እንደ ደከመው ሰው። ያ ከቁጣ ይልቅ አሳፈራት።

ያንኑ ዕለት ማምሻውን ፖሊስ እሱባለውን ያዘው። የቀሩት ሦስት ሰዎች ስም ከእሱ ተገኘና ፍለጋ ተጀመረ። አንዷ፣ ወለተ ሥላሴ የምትባል አሮጊት፣ ብልቃጡን ፈርታው ሳትከፍተው ከሳጥን ቆልፋበት ተገኘች። ሁለተኛው ቁስሉ ገና ጥልቅ አልነበረምና ታጥቦ ዳነ። ሦስተኛው ጋሻዬ የሚባል የላስታ ገበሬ ነበር፤ የአርባ ዓመት ሰው። ከመንገድ ርቆ ስለሚኖር በቃሬዛ ተሸክመው ሲያደርሱት መግሉ ወደ ደሙ ዘልቆ ነበር። ነፍሱን ለማትረፍ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። የተቆረጠውን እግር በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ፣ እንዲቀበር ለወንድሞቹ ያስረከበችው ፀሐይቱ ናት። ስትጠቀልለው ከጨርቁ መሐል ጥቂት እንክብሎች ወደ መዳፏ ተንከባለሉ። እጇን በሳሙና አጠበች፣ በአልኮል አጠበች፣ እንደገና በሳሙና። ያን ምሽት እንጀራ በቀኝ እጇ መቁረስ አቃታት፤ በግራዋም አልሆነላት። ጎረቤቶቿ እያጎረሱ አበሏት።

ለሠራችው ጥፋት አንድ ዓመት ከቁስል ክፍል ታግዳ ካርድ ክፍል ተቀመጠች። አልተከራከረችም። እናቷ ግን አኮረፏት። "ያንቺ ንጽሕና ነው ልጄን ያሳሰረው" አሉ፤ ለሦስት ወር ደጇን አልረገጡም።

ቄስ ወልደ ጊዮርጊስ አራት ጊዜ ታጠቡ። ብርጭቆው ሙሉ በሙሉ ወጣ ለማለት ዶክተር ፍሬ አልደፈረችም፤ "ጥቂቱ አብሯቸው ይኖራል" አለች። በነሐሴ፣ ጉድጓዱ ጠርቶ ቀይ ሥጋ ሲታይበት፣ እውነተኛውን ብርጭቆ ከራሳቸው ደም ጋር ለውሳ ሞላችላቸው። በጥቅምት መግሉ ቆመ። በጥር የተነሣው ራጅ ላይ፣ በፊት ጥቁር ጉድጓድ የነበረበት ቦታ እንደ ጭጋግ ነጣ ነጣ ብሎ ታየ። "ይኼ አዲስ አጥንት ነው" ብላ ሐኪሟ በጣቷ ስታሳያቸው ቄሱ ራጁን እንደ ታቦት በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። በዚያው ወር፣ በአራተኛው ዓመት፣ ከጥዱ ሥር ተነሥተው ቤተ መቅደስ ገቡ።

ሽማግሌዎች የገቡት ከዚህ በኋላ ነው። እሱባለው ሦስት ዓመት ከስድስት ወር ተፈርዶበታል፤ በይግባኝ ቅጣቱ እንዲቀልለት የተጎዱት ሰዎች ይቅርታ ይጻፉለት ተባለ። ጋሻዬ "እግሬን ይመልስልኝና እጽፋለሁ" ብሎ መለሳቸው። ቄስ ወልደ ጊዮርጊስ ግን ፈረሙ። ከዚያ ፀሐይቱ ወዳለችበት ካርድ ክፍል መጥተው መስኮቱ ላይ ተደገፉ።

"ልጄ፣ ወንድምሽን ጠይቀሽው አታውቂም አሉ።"

"አላውቅም፣ አባቴ።"

"ቂም ነው?"

አሰበች። "ቂም ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ቂምስ ይወጣል። ፊቱ ሲታወሰኝ ያቅለሸልሸኛል፣ አባቴ። ምራቄ ይሞላል። ለዚህ ምን ንስሓ ይሰጠኛል?"

ቄሱ ወደ ኋላቸው ዞር አሉ። ብዙ ሰው ከኋላቸው ተሰልፏል።

"እኔ ይቅር ያልኩት ጠረኑ ጠፍቶልኝ እንዳይመስልሽ" አሉ በመጨረሻ። "አሁንም ስበላ ይመጣብኛል። ይቅርታውን ከነጠረኑ ነው የሰጠሁት። አንቺ የቻልሽውን ያህል አድርጊ። ያልቻልሽውን አታስመስዪ።"

መስቀላቸውን በመስኮቱ አሻግረው አሳለሟትና ሄዱ።

በሚቀጥለው እሑድ ፀሐይቱ ሽሮ ሠርታ በሳህን ቋጠረች፤ ማረሚያ ቤቱ በር ድረስም በእግሯ ሄደች። ዘቡ ለማን እንደሆነ ጠይቆ መዘገበና "ግቢ፣ ይጠሩልሻል" አላት። በአጥሩ በኩል፣ በግቢው መሐል ጀርባውን ሰጥቶ የቆመ ረጅም ሰው አየች። እሱ ይሁን ሌላ አላጣራችም። 

"አንተ ስጥልኝ" አለችው ዘቡን።

"እህቱ ነሽ አይደል? ምን ልበለው?"

"ሳህኑን አጥቦ ይመልስ በለው" አለችና ቁልቁለቱን ወረደች።